ከሌላ ሙያ ወደ መምህርነት፦ የቴክሳስ የአማራጭ ሰርተፊኬት ፕሮግራሞች ሲመዘኑ

በዳላስ፣ በጋርላንድና በሂውስተን ከአገር ቤት ዲግሪ ይዘው መጥተው መጋዘን ውስጥ በሌሊት ፈረቃ የሚሠሩ፣ ታክሲ የሚነዱ ወይም አረጋውያን የሚንከባከቡ ወገኖች ብዙ ናቸው። ከእነዚህ መካከል ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ባዮሎጂ ወይም ምሕንድስና የተማረ ሰው እንደገና አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ሳይገባ መምህር መሆን ይችላል። መንገዱ «አልተርኔቲቭ ሰርተፊኬሽን» ይባላል። ባለዲግሪው ጥቂት ወራት ይሠለጥናል፣ ፈተና ያልፋል፣ ከዚያ ደመወዝ እየተከፈለው አንድ ዓመት እያስተማረ ሙሉ ፈቃዱን ያገኛል። በቴክሳስ ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1985 በሂውስተን የትምህርት ዲስትሪክት ተጀመረ። ዛሬ በግዛቲቱ ውስጥ ወደ መምህርነት ለመግባት በጣም የተለመደ በር ሆኗል።

መንገዱ ጥሩ ነው። መንገዱን የሚሸጡት ግን እኩል አይደሉም። አብዛኛው ሰው ፕሮግራም የሚመርጠው በመመዝገቢያው ዋጋ ወይም በፌስቡክ ማስታወቂያ ነው። እዚህ የምንመዝነው በሌላ ሚዛን ነው፦ ሰልጣኙ 28 ልጆች ፊት ብቻውን በቆመባት በመጀመሪያዋ ዓመት ማን አጠገቡ ይገኛል? በተለይ ራሱ አሜሪካ ውስጥ ተማሪ ሆኖ ለማያውቅ ሰው የገንዘቡ ዋጋ የሚለካው በዚህ ነው።

መጀመሪያ የሚገዛው ነገር በትክክል ምን እንደሆነ እንወቅ። ፕሮግራሙ ሰርተፊኬት አይሰጥም። ሰርተፊኬቱን የሚሰጠው ግዛቱ ነው፤ ማለትም የመምህራን ፈቃድ ቦርዱ በቴክሳስ የትምህርት ኤጀንሲ በኩል። የፕሮግራሙ ሥራ ማሠልጠን፣ ለፈተና መፍቀድ፣ ክፍል ውስጥ መከታተልና በመጨረሻ «ይህ ሰው ብቁ ነው» ብሎ ለግዛቱ ማቅረብ ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ ካላቀረበዎት ፈተናውን ሁሉ ቢያልፉም ፈቃድ የለም። ይህን ያልተረዳ ሰው ኮርሱን ጨርሶ «ወረቀቴን ስጡኝ» ሲል ይደነግጣል።

ከክፍያ በፊት የሚያልቁ ሥራዎች

የአገር ቤት ዲግሪ ላለው ሰው ትልቁ መዘግየት የሚመጣው ከወረቀት ነው። ፕሮግራሙ የሚፈልገው እያንዳንዱ ኮርስ በአሜሪካ ክሬዲት ተተምኖና አማካይ ውጤቱ ተሰልቶ የወጣበትን ዝርዝር ግምገማ ነው። «ዲግሪው ከአሜሪካ ባችለር ጋር እኩል ነው» የሚለው አጭሩና ርካሹ ወረቀት አይበቃም። ብዙ ሰው ለኢሚግሬሽን ወይም ለሌላ ሥራ ያስገመገመውን ያንን አጭር ወረቀት ይዞ ይመጣና እንደገና ይከፍላል። ዝርዝሩ ከ150 እስከ 300 ዶላር ይፈጃል። ኤጀንሲው የሚቀበላቸው ገምጋሚ ድርጅቶች ዝርዝር ስላለው ከመክፈልዎ በፊት የመረጡት ድርጅት እዚያ ውስጥ መኖሩን ይዩ።

ገምጋሚው ድርጅት ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱ ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር በቀጥታ እንዲላክለት ይጠይቃል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ሰው ደግሞ የወጪ መጋራት ክፍያውን ካላጠናቀቀ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት አይወጣለትም። አገር ቤት ያለ ዘመድ ውክልና ይዞ መሄድ ሊኖርበት ነው። ሬጅስትራሩ ጋ መመላለሱ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ይህ ነው፤ ፕሮግራም መምረጡ እንኳ ከዚህ በኋላ ይምጣ። በሦስት ዓመት የተጠናቀቀ ዲግሪ ያላችሁ ደግሞ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ገምጋሚውን በኢሜይል ጠይቁ፤ ሁሉም ድርጅት የሦስቱን ዓመት ዲግሪ በአንድ ዓይን አያየውም።

መግቢያው አማካይ ውጤት ከ4 ነጥብ 2.5 ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች የማያውቁት ነገር አለ፦ ጠቅላላው ውጤት ከ2.5 ቢያንስም በመጨረሻዎቹ 60 ክሬዲት ሰዓቶች የተገኘው 2.5 ከሞላ ይበቃል። በአንደኛ ዓመት «ሲ» በ«ሲ» ሆኖ በኋላ የተነሣ ተማሪ በዚህ በር ይገባል። ፕሮግራሙ ራሱ ካላነሣው እርስዎ ያንሡት።

ሌላው የእንግሊዝኛ ማስረጃ ነው። ከአሜሪካ ውጭ የተማረ ሰው ዲግሪው በእንግሊዝኛ ከሚያስተምሩ አገሮች ዝርዝር ውስጥ ካልገባ ቶፍል የሚባለውን የእንግሊዝኛ ፈተና ይጠየቃል። እ.ኤ.አ. እስከ ጥር 2026 በነበረው፣ በ30 በሚቆጠረው የአይቢቲ (በኢንተርኔት የሚሰጠው ቶፍል) ነጥብ በንግግር 24፣ በማዳመጥ 22፣ በንባብ 22፣ በጽሑፍ 21 ያስፈልግ ነበር። ሰው የሚወድቀው በንግግሩ ነው፤ ምክንያቱም በጣም አጭር ጊዜ ብቻ ተሰጥቶ ለማይክሮፎን መናገር ከሰው ጋር እንደማውራት አይደለም። ዩኒቨርሲቲዎ በእንግሊዝኛ እንዳስተማረዎት ቢያውቁም ፕሮግራሙ ያንን እንዴት እንደሚቀበል በጽሑፍ መልስ ይያዙ። በስልክ «ችግር የለም» የተባለ ሰው ከሦስት ወር በኋላ ቶፍል ሲጠየቅ ማስረጃ የለውም።

ከዚህ በፊት የፖሊስ ጉዳይ፣ ጠጥቶ ማሽከርከርም ቢሆን፣ የነበረበት ሰው ግዛቱ ቅድመ ግምገማ የሚያደርግበት አሠራር አለው። ብዙ ሺህ ዶላር ከመክፈል በፊት ይህን መጠየቅ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

የትምህርት ዓይነት አመራረጥ

ለማስተማር በሚያመለክቱበት የትምህርት ዓይነት 12 የክሬዲት ሰዓት ያስፈልጋል። ከ7ኛ ክፍል በላይ ሒሳብ ወይም ሳይንስ ከሆነ 15 ነው። መሐንዲስ ለሒሳብ 15ቱን ያለ ችግር ያሟላል። የአካውንቲንግ ወይም የማኔጅመንት ምሩቅ ብዙ ጊዜ ለሒሳብ አይሞላለትም። እርሱ ሁለት ምርጫ አለው። አንዱ በትምህርቱ ልክ ቢዝነስና ፋይናንስ መምረጥ ነው። ሁለተኛው «ፓክት» የሚባለውን የመግቢያ ፈተና ማለፍ ነው፤ ፓክትን ያለፈ ሰው ክሬዲቱ ባይሞላም ይገባል፤ ውጤቱ ግን ለመግቢያ ብቻ ስለሆነ ለሰርተፊኬቱ የትምህርት ይዘት ፈተናውን በኋላ መውሰድ አይቀርለትም። ፓክት ያለ ፕሮግራም ፈቃድ በራስዎ የሚመዘገቡበት ፈተና ነው። ስለዚህ አምስት ሳንቲም ለፕሮግራም ሳይከፍሉ አቅምዎን መለኪያም ነው።

ብዙ ሰው «ትናንሽ ልጆች ይቀላሉ» ብሎ ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 6ኛ ክፍል ያለውን ሰርተፊኬት ይመርጣል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ፈተናው እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ኅብረተሰብ፣ ሳይንስ፣ እንዲሁም ሥነ ጥበብ፣ ጤናና ስፖርት በአንድ ላይ ያለበት ባለ አምስት ክፍል ነው። በዚያ ላይ የንባብ ማስተማር ሳይንስ የሚባል፣ በእንግሊዝኛ ድርሰት የሚጻፍበት ሌላ ፈተና ይጨመራል። አሜሪካ ላላደገ ሰው የቴክሳስ ታሪክና የእንግሊዝኛ ፊደል ድምፆች ጥያቄ ከሒሳብ ይልቅ ይከብዳሉ። በሒሳብ ወይም በሳይንስ ዲግሪ ያለው ሰው ከ7–12 ወይም ከ4–8 ክፍል ያለውን ሰርተፊኬት ይውሰድ። በሁለቱ መካከል ሲመርጥ ደግሞ መሥራት የሚፈልግበትን ትምህርት ቤት ያስብ፦ ከ7–12 ያለው ሰው 6ኛ ክፍል ማስተማር አይችልም፣ ከ4–8 ያለው ደግሞ 9ኛ ክፍል አይገባም። በሐምሌ ወር ያለው ክፍት ቦታ የ6ኛ ክፍል ሒሳብ ብቻ ሆኖ ሰርተፊኬቱ ሳይገጥም የቀረ ሰው ብዙ ነው።

አማርኛ መቻል በሁለት ቋንቋ ለሚያስተምር መምህር የሚሰጠውን ሰርተፊኬት አያስገኝም፤ ያ ፈተና የተዘጋጀው ለስፓኒሽ ነው። ከዚያ ይልቅ እንግሊዝኛ እንደ ሁለተኛ ቋንቋ የሚባለውን ተጨማሪ ሰርተፊኬት አንድ ፈተና ወስደው ማከል ይችላሉ። ራሱ ቋንቋ እየተማረ ያደገ መምህር በዚህ ሥራ ላይ የሚያመጣውን ትዕግሥት ርዕሳነ መምህራን ያውቁታል።

ፈተናዎቹና የሚጥሉ ነገሮች

ሁለት ዋና ፈተናዎች አሉ፦ የትምህርት ይዘቱና «ፒፒአር» የሚባለው የማስተማር ሙያ ፈተና። ሁለቱም ከ100 እስከ 300 በሚሄድ ሚዛን ይታረማሉ፤ ማለፊያው 240 ነው። ይህ 80 በመቶ ማለት አይደለም፤ የተመዘነ ነጥብ ነው። የአንዱ ዋጋ 116 ዶላር ነው። ከወደቁ 30 ቀን ጠብቀው ይደግማሉ፤ ድጋሚው ግን አራት ጊዜ ብቻ ነው፣ በጠቅላላው አምስት ሙከራ። ስለዚህ «ምን እንደሚመስል ልየው» ብሎ መግባት ውድ ሙከራ ማቃጠል ነው።

የ7–12 ሒሳብ 100 ጥያቄ አለው። ከሁሉ ትልቁ ድርሻ፣ 33 በመቶ፣ የአልጀብራና የፈንክሽን ነው፤ ጂኦሜትሪና ልኬት 19 በመቶ፣ ፕሮባቢሊቲና ስታቲስቲክስ 14 በመቶ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የተማረ ሰው ካልኩለስ አይጥለውም። የሚጥሉት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ በኢንች፣ በጫማ፣ በጋሎን የተሞሉት የልኬት ጥያቄዎች ናቸው። ሁለተኛው ሒሳብን እንዴት ማስተማር እንደሚገባ የሚጠይቀው 10 በመቶ ነው፤ ተማሪው የሠራውን የተሳሳተ ስሌት ያሳይና «ይህ ልጅ ያልገባው ምንድን ነው?» ይላል። እዚያ ላይ ስሌት መቻል አያድንም።

ፒፒአር ደግሞ በአስተዳደግ የሚፈትን ፈተና ነው ማለት ይቻላል። ለምሳሌ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይታሰብ፦ አንድ የ8ኛ ክፍል ተማሪ ሦስት ሳምንት ሙሉ የቤት ሥራ አላመጣም፤ መምህሩ መጀመሪያ ምን ያድርግ? ሀ) ወደ ርዕሰ መምህሩ ይላከው። ለ) ዜሮ ሰጥቶ ወላጅ ያስጠራ። ሐ) ልጁን ለብቻው አነጋግሮ ምክንያቱን ይረዳና አብረው እቅድ ያውጡ። መ) በክፍሉ ፊት ያስጠንቅቀው። አገር ቤት የተማረ ሰው እጁ ወደ «ለ» ይሄዳል፤ «ወላጅ አምጣ» ያደግንበት ቃል ነውና። የፈተናው መልስ «ሐ» ነው። ፒፒአር ሁልጊዜ የሚፈልገው መምህሩ ራሱ፣ ክፍሉ ውስጥ፣ ልጁን ሳያዋርድ የሚወስደውን የመጀመሪያ እርምጃ ነው። ቢሮ መላክና ቅጣት ትክክለኛ መልስ የሚሆኑት አደጋ ሲኖር ነው። ከዚህ በተቃራኒ ሕግ ላይ ያለው ጥያቄ ዝንፍ አይልም፦ የልጅ ጥቃት ተጠርጥሮ ከሆነ መምህሩ ራሱ ሪፖርት ያደርጋል፤ ለርዕሰ መምህሩ ነግሮ መተው አይበቃም።

ሦስቱ ዓይነት ፕሮግራሞች

ወደ ምዘናው እንምጣ። የመጀመሪያው ዓይነት የክልል የትምህርት አገልግሎት ማዕከላት ናቸው። ቴክሳስ ውስጥ 20 አሉ። በሪቻርድሰን ያለው ሪጅን 10 የዳላስን አካባቢ፣ ሪጅን 4 ሂውስተንን፣ ሪጅን 13 ኦስቲንን ያገለግላሉ። እነዚህ ማዕከላት ዋና ሥራቸው በየዲስትሪክቱ ያሉትን መምህራን ማሠልጠን ስለሆነ በየትኛው ትምህርት ቤት ምን እንዳለ ያውቃሉ። ሱፐርቫይዘሮቻቸው፣ ማለትም ሰልጣኙን ክፍል ውስጥ የሚከታተሉት ሰዎች፣ በአካባቢው የኖሩ ጡረተኛ መምህራንና ርዕሳነ መምህራን የመሆናቸው ዕድል ሰፊ ነው። ድክመታቸው የጊዜ ሰሌዳው ነው፦ ቡድን በቡድን ስለሚቀበሉ የምዝገባ ቀን ካመለጠ ወራት መጠበቅ ነው። ቃለ መጠይቅ አላቸው። ሥልጠናው በተወሰነ ማታና ቅዳሜ ስለሚሰጥ የሌሊት ፈረቃ ያለው ሰው ከአለቃው ጋር መነጋገር አለበት። ያም ሆኖ ከውጭ ለመጣ ሰው የእኛ ቀዳሚ ምርጫ ይህ ነው።

ሁለተኛው ትልልቅ ዲስትሪክቶች ራሳቸው የሚያካሂዱት ነው። ጥቅሙ ግልጽ ነው፦ ሥልጠናውና ሥራው አንድ ቤት ናቸው፣ የሚመደብልዎት መካሪም እዚያው አለ። ጉዳቱ የሚቀበሉት በሚያጥራቸው የትምህርት ዓይነት ብቻ መሆኑና ከዚያ ዲስትሪክት ጋር መታሰርዎ ነው። ትምህርት ቤቱ ካልተመቸዎት ፕሮግራሙንም ማጣት ሊመጣ ይችላል። በሒሳብ፣ በሳይንስ ወይም በልዩ ፍላጎት ትምህርት ለሚያመለክት ሰው እጅግ ጥሩ ነው፤ በሌላው የትምህርት ዓይነት በሩ ጠባብ ነው።

ሦስተኛው በኢንተርኔት የሚያስተምሩት የግል ድርጅቶች ናቸው። በማንኛውም ቀን ይጀምራሉ፣ መግቢያቸው ጥቂት መቶ ዶላር ነው፣ ኮርሱን ሌሊት በ8 ሰዓትም መሥራት ይቻላል። ሁለት ሥራ ለሚሠራ የቤተሰብ ኃላፊ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አናቃልለውም። ችግሩ የሚመጣው በኋላ ነው። ቪዲዮውን ከፍቶ ልብስ እያጠፉ የሚፈለገውን 150 ሰዓት ሥልጠና መሙላት ይቻላል፤ ነሐሴ ላይ ክፍል ሲገቡ ግን ከዚያ ሁሉ ሰዓት ውስጥ የቀረ የለም። ሱፐርቫይዘሩ ብዙ ሰልጣኝ በአንድ ጊዜ የሚይዝ ከሆነ የሚመጣው ቅጹን ለመሙላት ያህል ነው። ጥያቄ ሲኖር የሚመልሰው ሰው በየጊዜው ይለያያል። ይህ መንገድ የሚስማማው ከዚህ በፊት በአሜሪካ ክፍል ውስጥ ለሠራ፣ ለምሳሌ ሁለት ዓመት ረዳት መምህር ለነበረ ሰው ነው። ክፍሉን የማያውቅ ሰው ባይገባበት እንመርጣለን።

ዩኒቨርሲቲዎችም ከዲግሪ በኋላ የሚሰጡት ተመሳሳይ ፕሮግራም አላቸው። ክሬዲቱ ለማስተርስ ሊቆጠር ይችላል፤ ዋጋው ግን ይከብዳል፣ ጊዜውም ይረዝማል።

የቱንም ቢመርጡ ከመክፈልዎ በፊት በስልክ የሚጠየቁ ነገሮች አሉ። አንድ ሱፐርቫይዘር ስንት ሰልጣኝ ይይዛል? በመኪና ከቤቴ ምን ያህል ይርቃል? በዓመቱ አጋማሽ ሥራ ብለቅ ወይም ትምህርት ቤቱ ባይቀጥለኝ ቀሪውን እከፍላለሁ ወይ? ኢንተርንሽፑ (ደመወዝ እየተከፈለ የሚያስተምሩበት ዓመት) ወደ ሁለተኛ ዓመት ቢሻገር ተጨማሪ ክፍያ አለ? የመጨረሻዎቹ ሁለት ጥያቄዎች መልስ ውሉ ላይ ተጽፎ ይታይ። የምክር አገልግሎት ሰጪው በቃል ያለው ውሉ ላይ ከሌለ እንዳልተባለ ይቁጠሩት።

የጊዜና የገንዘብ ስሌት

ነሐሴ ላይ ክፍል ለመግባት ሥራው የሚጀምረው ካለፈው ዓመት ጥቅምትና ኅዳር ነው። እስከ ታኅሣሥ ትራንስክሪፕትና ግምገማ፣ ጥርና የካቲት የይዘት ፈተና፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት ሥልጠና። ከኢንተርንሽፕ በፊት የሚጠናቀቀው ሥልጠና 150 ሰዓት ነው፤ ከዚህ ከፊሉ ክፍል ውስጥ በመገኘት የሚደረግ ምልከታ ነው። የምልከታው ሰዓት በቀን ስለሚሞላ የቀን ሠራተኛ የዕረፍት ቀኖቹን ለዚህ ያስቀምጥ፤ ትምህርት ቤት ግንቦት መጨረሻ ገደማ ስለሚዘጋ ለክረምት ማቆየት አይቻልም።

የይዘት ፈተናውን አልፈው ሥልጠናውን ሲጨርሱ ፕሮግራሙ የብቁነት ደብዳቤ ይሰጣል። ያለዚህ ደብዳቤ ርዕሰ መምህሩ ቢወድዎትም የዲስትሪክቱ የሰው ኃይል ክፍል አይቀጥርም። የቅጥሩ ወቅት ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ ነው። ትምህርት ከተጀመረ በኋላም መቀጠር ይቻላል፤ ሆኖም ኢንተርንሽፑ ሙሉ የትምህርት ዓመት መሆን ስላለበት በዘገየ ቅጥር የሚጎድለው ከ30 የትምህርት ቀን መብለጥ የለበትም። ጥቅምት መጨረሻ ላይ የተቀጠረ ሰው ዓመቱን ሙሉ አስተምሮም ኢንተርንሽፑ ላይቆጠርለት ይችላል።

ፕሮግራሙ በአጠቃላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ4,000 እስከ 6,500 ዶላር ይደርሳል። ከዚያ ውጭ ግምገማው፣ ሁለቱ ፈተናዎች 232 ዶላር፣ የሰርተፊኬት ማመልከቻ 78 ዶላር በየደረጃው፣ አሻራ 50 ዶላር ገደማ አለ። ቀሪው ከደመወዝ የሚቆረጥበት ውል ቀላል ይመስላል፤ ቁጥሩን ግን እንየው። ዳላስና ሂውስተን ለጀማሪ ከ60,000 ዶላር በላይ ይከፍላሉ። 60,000 ለ12 ወር ሲካፈል 5,000 ነው። ከዚያ 8.25 በመቶ፣ ማለትም 412 ዶላር ገደማ፣ ወደ መምህራን ጡረታ ይሄዳል፤ ግብርና የጤና መድን ይከተላል። ከተረፈው ላይ 5,000 ዶላር ለአሥር ወር ሲቆረጥ በወር 500 ነው። በዚያ ላይ የመጀመሪያው ደመወዝ ሥራ በተጀመረ በሳምንቱ አይመጣም። የሁለት ወር ኪራይ ሳያስቀምጡ የቆየ ሥራን መልቀቅ አይገባም። ትናንሽ ዲስትሪክቶች ደግሞ ከዚህ በታች ስለሚከፍሉ የዲስትሪክቱን የደመወዝ ሰንጠረዥ ድረ ገጹ ላይ አይተው ያስሉ።

ስለ ጡረታው አንድ ነገር መታወቅ አለበት። አብዛኞቹ የቴክሳስ ዲስትሪክቶች ሶሻል ሴኩሪቲ አይቆርጡም፤ የሚቆርጡት ለግዛቱ የመምህራን ጡረታ ነው፣ መብቱም የሚጸናው በአምስት ዓመት አገልግሎት ነው። ቀድሞ በሌላ ሥራ ሶሻል ሴኩሪቲ የከፈለ ሰው መምህር ሲሆን ያ ጡረታው የሚቀነስበት ሕግ ነበረ፤ ሕጉ እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ተሽሯል። ዕድሜያቸው ከ45 በላይ ሆኖ በዚህ ምክንያት ሲያመነቱ የቆዩ ሰዎች ስሌታቸውን እንደገና ይሥሩ።

ውሉ ላይ ሲፈርሙ ደግሞ 45 የምትለዋን ቁጥር ይያዙ። የትምህርት መጀመሪያ ቀን 45 ቀን እስኪቀረው ድረስ ያለ ቅጣት መልቀቅ ይቻላል። ከዚያ በኋላ ዲስትሪክቱ ሳይፈቅድ ጥሎ መሄድ ሰርተፊኬቱን ለአንድ ዓመት እስከ ማሳገድ ይደርሳል። ሐምሌ መጨረሻ ላይ የተሻለ ደመወዝ ሲመጣ ያለ ፈቃድ የሚዘል ሰው ሁለቱንም ያጣል።

በመጀመሪያዋ ዓመት ክፍል ውስጥ

የሱፐርቫይዘሩ ዋጋ የሚታየው እዚህ ነው። በዓመቱ ውስጥ ደጋግሞ፣ እያንዳንዱ 45 ደቂቃ የሚፈጅ መደበኛ ምልከታ ያደርጋል። ርዕሰ መምህሩም በግዛቱ የመምህራን መመዘኛ በ«ቲ-ቴስ» ይመዝናል፤ መመዘኛው 16 ነጥቦችን ያያል።

አንድ የተለመደ የ8ኛ ክፍል ሒሳብ ክፍለ ጊዜ እንይ። ርዕሱ የመስመር ስሎፕ ነው። መምህሩ ትርጉሙን ሰሌዳ ላይ በሚያምር ጽሑፍ ጻፈ፣ ተማሪዎቹ ገለበጡ፣ ሁለት ምሳሌ ሠራላቸው፣ «ገባችሁ?» አለ፣ «አዎ» አሉ፣ መልመጃ ሰጠ። አገር ቤት ይህ ጥሩ ትምህርት ነው። ከኋላ የተቀመጠው ተመልካች ቅጽ ላይ ግን አንድ ባዶ ቦታ ይቀራል፦ ስንት ተማሪ መረዳቱን አሳየ? ማንም። «አዎ» ማስረጃ አይደለም። ጥሩ ሱፐርቫይዘር ለሚቀጥለው ጊዜ የሚለው ይህ ነው፦ ለእያንዳንዱ ልጅ ትንሽ ነጭ ሰሌዳና ማርከር ስጥ። «ዋይ እኩል ይሆናል 2ኤክስ ሲደመር 3፤ ስሎፑን ጽፋችሁ አንሡ» በል። በአሥር ሰከንድ ውስጥ 28 ሰሌዳ ይነሣል። አሥራ ዘጠኙ 2 ጽፈዋል፣ ዘጠኙ 3። ዘጠኙ ስሎፑን ከመቁረጫ ነጥቡ ጋር እንዳምታቱት ታየ፤ ወደ መልመጃው ሳይገባ ያ ይስተካከላል። ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው አንድ ጥያቄ በትንሽ ወረቀት ሠርተው ይወጣሉ፤ የነገው ትምህርት የሚታቀደው ከዚያ ወረቀት ነው። ይህን አንድ ነገር በመስከረም የተማረና በጥር የተማረ መምህር ዓመታቸው አንድ አይደለም። ለዚህ ነው ቅጽ ሞልቶ የሚሄድ ሱፐርቫይዘር ያለውን ርካሽ ፕሮግራም ውድ የምንለው።

የክፍል ሥርዓት ሌላው መውደቂያ ነው። መከበር በመምህርነት ማዕረግ ብቻ አይመጣም። እርሳስ የት እንደሚገኝ፣ ሽንት ቤት እንዴት እንደሚፈቀድ፣ ወረቀት በየት በኩል እንደሚሰበሰብ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ደጋግሞ ማለማመድ ያስፈልጋል፤ ይህን ዘሎ ወደ ምዕራፍ አንድ የገባ መምህር እስከ ታኅሣሥ ሲጮህ ይከርማል። የአነጋገር ዘዬን በተመለከተ ልጆች በሦስት ሳምንት ይለምዱታል፤ እስከዚያው አዲስ ቃል በተናገሩ ቁጥር ሰሌዳው ላይ ይጻፉት። በልዩ ፍላጎት እቅድ የሚማሩ ልጆች ሰነድ ሲሰጥዎት ደግሞ በዚያው ሳምንት አንብበው የተጻፈውን፣ ተጨማሪ ጊዜም ሆነ የፊት ወንበር፣ ይፈጽሙ። ሰነዱ ሕጋዊ ግዴታ ነው።

ኢንተርንሽፑ በአንድ ዓመት ካልተጠናቀቀ ማራዘም ይቻላል፤ በጊዜያዊ ፈቃዶች ማስተማር የሚቻለው ግን በጠቅላላው ሦስት ዓመት ነው። ፒፒአርን «ክረምት ላይ» እያሉ ማቆየት ብዙ ጎበዝ መምህር ያስወጣው በዚህ ነው። በመጀመሪያው ሴሚስተር ይፈተኑ። ሙሉ ሰርተፊኬቱ አምስት ዓመት ያገለግላል፤ ማደሻው 150 ሰዓት ተከታታይ ሥልጠና ነው።

በቨርጂኒያ ለሚኖሩ የሚቀርበው መንገድ «ካሪየር ስዊቸር» ይባላል። ባችለር ዲግሪ ላይ የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ የመጀመሪያው ደረጃ 180 ሰዓት ሥልጠና ነው፣ ልዩ ፍላጎት ትምህርትን አያካትትም። የአሌክሳንድሪያ ሰው የቴክሳስን ቁጥር ይዞ እንዳይሄድ።

አገር ቤት ሳሉ በመምህርነት ሠልጥነው የማስተማር ፈቃድ የያዙ ደግሞ ወደ አማራጭ ፕሮግራም ከመግባታቸው በፊት ሌላ በር ያንኳኩ። ቴክሳስ ከሌላ አገር የመጡ ባለፈቃድ መምህራንን ማስረጃ የሚመረምርበት አሠራር አለው። ከተሳካ የአንድ ዓመት ፈቃድ ይሰጣል፣ በዚያ ዓመት ውስጥ የግዛቱን ፈተናዎች ማለፍ ይቀራል፤ የብዙ ሺህ ዶላሩ ሥልጠና አያስፈልግም። የሚጠየቀው ከዲግሪው የተለየ፣ መንግሥት የሰጠው የመምህርነት ፈቃድ ነው። የሥራ ልምድ ደብዳቤ ብቻ ያለው ሰው በዚህ በር አይገባም፤ ደብዳቤውን ግን ማኅተም አስመትቶ፣ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን በሙሉ ጊዜ እንዳስተማረ ተጽፎበት ይዞ ይቆይ።